የቴኒስ ራኬቴ አዲስ አበባ ስገባ ጸባዩ ተለወጠ፦ ክሩ ነው፣ ውጥረቱ ነው ወይስ እኔ?

ግራኝ_ከሲልቨርስፕሪንግ
ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ቤቶች። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ክርኔ አስጻፈኝ።

ከሜሪላንድ ጠቅልዬ ከገባሁ አምስት ወር ሆነኝ። እዚያ ስጫወትበት የኖርኩትን ራኬት ነው ይዤ የመጣሁት፦ ያለ ክር 300 ግራም፣ ጭንቅላቱ 100 ካሬ ኢንች፣ 16 ቋሚና 19 አግዳሚ ክር፣ አንድ ዓይነት ሁለት ፍሬ። እዚያ ባለ 1.25 ሚሊ ሜትር ፖሊ (ጠንካራው የፖሊስተር ክር) በ52 ፓውንድ አስወጥሬ ኳሱ ያሰብኩት ቦታ ይወድቅልኝ ነበር። እዚህ በመጀመሪያው ቀን ፎርሃንዴ የኋላውን አጥር መታ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ከፍታው ነው፣ አጥብቀው" አለኝ። ወሰድኩና በ58 አስወጠርኩት (የት እንደሆነ ይቅር)። ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ነበር። ከዚያ ኳሱ እንደገና መብረር ጀመረ፤ ክርኔ ደግሞ ጀበና ማንሳት እስኪያቅተኝ ድረስ ያመኝ ጀመር።

አሁን አንዱ "62 አድርገው" ይለኛል፣ ሌላው "እርሳስ ለጥፍበት" ይለኛል። ግራ ገባኝ። ግራኝ ስለሆንኩ ቀድሞም ግራ ነኝ።


ቦሌ_ቮሊ
ሰኞ፣ ማታ 2:52

ራኬቱን ተወውና እግርህን ወጥር ሃሃሃ። እንኳን ደህና ገባህ።


ወስፌ
ሰኞ፣ ማታ 3:15

ግራኝ፣ ሁለት ነገር ሳትነግረን ቁጥር ብንሰጥህ ጥንቆላ ነው። በምን ኳስ ነው የምትጫወተው? በ58 ያስወጠርከው ስንት ጊዜው ነው፣ በሳምንትስ ስንት ቀን ትመታበታለህ?


ግራኝ_ከሲልቨርስፕሪንግ
ሰኞ፣ ማታ 3:21

ኳሱ ከዚያው በሻንጣ ያመጣሁት ነው፣ በቆርቆሮ የታሸገው ተራው። 58ቱ አሥር ሳምንት ይሆነዋል። በሳምንት አራት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል። ክሩ ግን አልተበጠሰም፣ ምንም አልሆነም።


ወስፌ
ሰኞ፣ ማታ 4:05

"አልተበጠሰም" ያልከው ላይ ነው ጉዱ። በዚህ ሂሳብ ስድሳ ሰዓት መትተህበታል። ፖሊ ሳይበጠስ ይሞታል፤ ሬሳው ግን ራኬቱ ላይ ተወጥሮ ስለሚቆይ ሰው ያለ ይመስለዋል።

የፖሊ ሙያው መንሸራተት ነው። ኳሱን ከታች ወደ ላይ ስትጠርገው ቋሚዎቹ ክሮች ወደ ጎን ይሄዱና ጧ ብለው ይመለሳሉ። ያ መመለስ ነው ኳሱን አሹሮ ሜዳው ውስጥ የሚጥልልህ። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩርተን እ.ኤ.አ. በ1997 ሮላን ጋሮስን (የፈረንሳይ ኦፕንን) ሲወስድ ራኬቱ ላይ የነበረው የሉክሲሎን ኩባንያ ፖሊ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ሁሉ የተከተለው። ግን ክሮቹ በሚሻገሩበት ቦታ እየተቦረቦሩ ይሄዳሉ፣ የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ መሃላቸው ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል። የተቦረቦረ ክር ይንሸራተታል፣ ግን አይመለስም። ሹረቱ ሲቀንስ ኳሱ አይወድቅም፤ አንተ ደግሞ "ላላብኝ" ብለህ ታጠብቃለህ።

አሁኑኑ ራኬቱን አንሳ። መሃል ላይ ያለውን አንድ ቋሚ ክር በጣትህ ወደ ጎን ገፍተህ ልቀቀው። ወደ ቦታው ከተመለሰ ነፍስ አለው። በተገፋበት ከቀረ ቅበረው።

ከፍታውም ውሸት አይደለም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሳስቶ ያለ አየር ኳሱን አያዘገየውም፣ ቶፕስፒኑንም (ወደፊት እየሾረ የሚሄደውን ኳስ) እንደ ሜሪላንድ ጎትቶ አያወርድልህም። በዚያ ላይ ቆርቆሮው ውስጥ በግፊት የታሸገ ኳስ እዚህ ሲከፈት የውስጡ ግፊት ከውጭው ጋር ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ እንጣጥ እያለ ይነጥራል። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የሚያውቀው፦ ግፊቱ የቀነሰ የከፍታ ኳስ ወይም ጭራሽ ግፊት የሌለው። አንተ የባህር ጠለል ኳስ ይዘህ መጥተህ ራኬቱን ትከሳለህ።

ስለ 58ቱ አንድ ጥያቄ ልጨምር። የወጠሩልህ በምን ማሽን ነው?


ግራኝ_ከሲልቨርስፕሪንግ
ሰኞ፣ ማታ 4:18

ገፋሁት። እዚያው ቀረ። ጭጭ።

ማሽኑ እጀታው የሚሽከረከር፣ ሲሞላ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ነው። ሜሪላንድ በኤሌክትሪክ ነበር።


ወስፌ
ሰኞ፣ ማታ 4:30

ታዲያ 58ህ 58 አልነበረም። ባለ ቁልፉ ማሽን የተባለው ቁጥር ላይ ሲደርስ ይቆለፋል፤ ክሩ ግን ከተቆለፈም በኋላ ይሳባልና መቆንጠጫው እስኪይዘው ድረስ ይረግባል። የኤሌክትሪኩ ረገበ ሲል መልሶ ይስበዋል። ልዩነቱ ጥቂት ፓውንድ ይሆናል። ቁጥሩን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማሽን መውሰድ የአንዱን ሰው ጫማ ቁጥር ለሌላው እንደመስጠት ነው። ወጣሪው አላጭበረበረህም፣ ማሽንህን ነው የቀየርከው።


ጋሽ_ባክሃንድ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:10

ልጆች እንደምን አደራችሁ። እኔ የእንጨት ራኬት ዘመን ሰው ነኝ። ስዊድናዊው ቢዮን ቦርግ ያቺን ዶናይ ራኬቱን እስከ 80 ፓውንድ ድረስ ያስወጥራት እንደነበር ስንሰማ በእኛም አገር አጥብቆ ማስወጠር ወንድነት ሆኖ ነበር። የስንቱ ፍሬም ተጣመመ መሰላችሁ! ያኔ ግን ክሩ አንጀት ስለነበር ክንድ አይገድልም ነበር።

ግራኝ ልጄ፣ ክንድህ ካመመህ ፖሊውን ጣል። የአንጀት ክር የሚባለውን ብትሞክረው ኳሱ ክሩ ላይ ትንሽ ቁጭ ብሎ የሚነሳ ይመስልሃል። ታሪኩንም ስሙ፦ ሊዮን ከተማ የነበሩት ባቦላዎች የሙዚቃ መሣሪያ አውታር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ነው ከበግ አንጀት የቴኒስ ክር ያወጡት። ዛሬ ከከብት ነው የሚሠራው። የእኛም በገና አውታሩ ከበግ አንጀት ነው። እኔ ራኬት ከማስወጠሬ በፊት በጣቴ ነካ አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ፤ ባለቤቴ "ደግሞ ሊደረድር ነው" ትለኛለች።


ሚሚ_ስላይስ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:25

ጋሼ፣ አንጀቱስ ጥሩ ነበር፣ ግን ዋጋው! አሜሪካ አንዱ ከ40 ዶላር በላይ ነው፣ ያውም ሰው ካመጣልዎት። በክረምትስ እንዴት ያደርጉታል? የእኔው በሐምሌ እርጥብ ኳስ ሁለት ቀን መትቼበት እንደ ጥጥ ተበተነ።


ጋሽ_ባክሃንድ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:40

በክረምት ቤቴ ቁጭ እላለሁ እህቴ። ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።


አቡዳቢ_ሰርቭ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:30

ከዚህ በረሃ ሰላም ብያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ራኬት መኪና ውስጥ አታሳድሩ። እኔ አዲስ የተወጠረ መልቲ (ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች የተሠራ ለስላሳ ክር) መኪና ውስጥ ረስቼ ጁምዓ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ መታው። ማታ ስጫወት የዓሣ መረብ። ሙቀት ክሩን ያረግበዋል፣ ሲቀዘቅዝም የረገበው አይመለስም።


ራፋ_ለዘላለም
ማክሰኞ፣ ማታ 1:55

ይሄን ሁሉ ወሬ ምን አመጣው? ናዳል 1.35 ውፍረት ያለው ፖሊ በ55 ፓውንድ እየወጠረ ሮላን ጋሮስን 14 ጊዜ በላ። ግራኝም ግራኝ ነው፣ ናዳልም ግራኝ ነው። 55 አድርገህ ተገላገል።


ወስፌ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:30

ራፋ፣ ናዳል በየጨዋታው በአዲስ ክር ነበር የሚገባው፣ አሠልጣኝና ወጌሻ ከኋላው ተሰልፈው። ግራኝ አሥር ሳምንት በአንድ ክር ቢሮ ሠርቶ የሚመጣ ሰው ነው። በቁጥር ከሆነማ ፈረንሳዊው ማናሪኖ ከ12 ኪሎ በታች፣ ማለትም ከናዳል ግማሽ ባነሰ ውጥረት ከዓለም ምርጦች ጋር ይጫወታል። ፌደረር ቋሚውን አንጀት አግዳሚውን ፖሊ ያደርግ ነበር። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ለየራሳቸው።

ውጥረት ሰው የሚያስበውን ያህል ፍጥነት አይጨምርም አይቀንስምም። የላላ ክር ኳሱን ለቅጽበት ይዞት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ ለዚህ ነው ርቆ የሚወድቀው። በጥቂት ፓውንድ የምትገዛው ያንን የመነሻ አቅጣጫ ነው። የክሩ ዓይነትና ዕድሜው ግን ጨዋታውን ይለውጡታል። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፦ ኳስ፣ የክር ዕድሜ፣ የክር ዓይነት፣ ከዚያ በኋላ ውጥረት። 62 ለክንድህ መርዝ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ክርንህን ሐኪም ያየው።


ግራኝ_ከሲልቨርስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:44

ሐኪም አይቶኛል፤ ሦስት ሳምንት አርፌያለሁ፣ መልመጃም ሰጥቶኛል። እርሳሱስ? እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሚጻፍበት እርሳስ መስሎኝ ነበር።


ወስፌ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:50

የብረቱ እርሳስ ነው፣ በስሱ ተዳምጦ ከኋላው ማጣበቂያ ያለው። ቀጭኑ ዓይነት 10 ሳንቲ ሜትሩ 1 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እኔ ግን የማምነው የወርቅ ሚዛን ነው። ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ አታዝረክርኩት፣ ፍሬሙ ላይ ከለጠፋችሁም በላዩ ሸፍኑበት። የተንግስተን ቴፕም አለ፣ መርዝነት የለውም ግን ይወደዳል።

ዋናው ነገር ስንት ግራም ሳይሆን የት የሚለው ነው። ራኬት ስትወዛወዝ የሚሰማህ ክብደት ከእጅህ ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው የሚሄደው። ስዊንግዌት የሚባለው ከእጀታው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ ነጥብ ጀምሮ ይለካል። ጭንቅላቱ አናት ላይ ያለ እርሳስ ከዚያ ነጥብ 58 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ አንዷ ግራም 3.4 ያህል ትጨምራለች። ጎንና ጎን ብታደርጋት 1.7 ገደማ፣ ግማሽ ማለት ነው። እጀታው ውስጥ እዚያው ነጥብ ላይ 5 ግራም ብትቀብር ዜሮ! ሚዛኑ ያውቀዋል፣ ውዝዋዜህ አያውቀውም።

ፈረንጆቹ ቦታውን በሰዓት ነው የሚጠሩት፦ አናቱ 12፣ ጎኖቹ 3 እና 9። ባለፈው ዓመት ለአንዱ ወዳጃችን "12 ሰዓት ላይ 2 ግራም" ብዬ ጻፍኩለት። "በሀበሻ ይሆናል" ብሎ 6 ሰዓት ላይ፣ ጉሮሮው ውስጥ ለጥፎት መጣ። ሦስት ሳምንት "ልዩነት አለው፣ በጣም አለው" ሲለኝ ነበር።

ለአንተ 2 ግራም በ3፣ 2 ግራም በ9። በጠቅላላው ስዊንግዌቱ 7 ያህል ይጨምራል። ኳስ ከመሃል ወጣ ብሎ ሲመታብህ ራኬቱ እጅህ ውስጥ የሚሽከረከረው ይቀንሳል። ክንድ የሚያሳምመው አንዱ ነገር ያ መሽከርከር ነው፤ ትንሽ ከበድ ያለ ራኬት ድንጋጤውን ራሱ ይውጠዋል። አናቱ ላይ ግን ለጊዜው አትንካ።


ሚሚ_ስላይስ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

አናቱን አትንካ የሚለውን ስሙት። እኔ 5 ግራም አናቱ ላይ አድርጌ የመጀመሪያው የጨዋታ ክፍል (ሴት) ላይ ሰርቬ መድፍ ነበር። ሦስተኛው ሴት ላይ ራኬቱ ከእኔ ዘግይቶ ይመጣ ነበር፣ ትከሻዬ ሳምንት አመመኝ።

ግራኝ፣ የእጀታህንም ውፍረት እይ። ኦቨርግሪፕ (እጀታው ላይ የሚጠቀለል ስስ ጨርቅ) በኦቨርግሪፕ ላይ የሚደርቱ አሉ፤ አንዱ ራሱ 5 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ እጀታውንም ግማሽ ቁጥር ያህል ያወፍረዋል።


ቦሌ_ቮሊ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:15

አራት ደርቤያለሁ። ዝም ብዬ ልተኛ።


ግራኝ_ከሲልቨርስፕሪንግ
እሑድ፣ ማታ 1:30

ወስፌ በውስጥ መስመር ጽፎልኝ ቅዳሜ ቤቱ ሄድኩ። ሪፖርት ልስጥ፣ ዕዳ ነውና።

ማሽኑ መመገቢያ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከአንድ ዘንግ ላይ ክብደት የሚንጠለጠልበት፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ። መብራት ሲጠፋም ይወጥራል። ክሩን ያስርና ዘንጉን ይለቀዋል፤ ዘንጉ ልክ አግድም ሲቆም ውጥረቱ ደረሰ ማለት ነው። ከአግድም ዝቅ ብሎ ከቆመ መልሶ ያነሳና ክሩን በጥቂቱ ጠቅልሎ እንደገና ይለቃል። ወስፌ ቋሚውን ድር፣ አግዳሚውን ማግ ነው የሚለው፤ አያቱ ሸማኔ ነበሩ። ድሩን ከመሃል ጀምሮ አንድ በግራ አንድ በቀኝ እያለ ያወጣል፣ ፍሬሙ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎተት። ለማጉ ከአናት ወደ ጉሮሮ ይወርዳል።

የመጀመሪያውን ራኬት እሱ ሠራ፣ 40 ደቂቃ ገደማ። ሁለተኛውን "አንተ ሽመን" አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ማግ፣ እያንዳንዱ አሥራ ስድስት ድር፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች። ጣቴ ጫፉ ቀላ። አንዱ ቀዳዳ ቀድሞ ባለፈው ክር ተዘግቶ አልገባ ሲል ወስፌውን አቀበለኝ (ስሙ ከዚያ መሆኑን ያኔ ገባኝ)። ጫፉን በድፍረት ስሰድ እጄን ያዘው፦ "ክሩን ከጫርከው ዛሬ ሳይሆን የዛሬ ሳምንት ሰርቭ ስትመታ ነው የሚነግርህ።" ጎን ለጎን ገፋ አድርጌ ቀዳዳውን ከፈትኩ።

አሥራ ሰባተኛው ማግ ላይ ደርሼ ቀና አድርጌ ሳየው፣ አሥራ አንደኛው ላይ ሁለት ድር በተከታታይ ከላይ አልፌያለሁ። ወስፌ ከጅምሩ አይቶት ኖሯል። ዝም ብሎ ሻይ ያንቆረቁራል። "ለምን አልነገርከኝም?" ብለው "አሁን አትረሳውማ" አለኝ። ስድስት ማግ ፈታሁ።

የገባው ይሄ ነው፦ አንደኛው ሙሉ በሙሉ መልቲ፣ 1.30፣ በ57። ሁለተኛው ድቅል ነው፦ ድሩ አዲስ ፖሊ በ50፣ ማጉ ለስለስ ያለ ሰው ሠራሽ ክር በ53። ሁለቱም ላይ በ3 እና በ9 ሁለት ሁለት ግራም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ስናስቀምጣቸው ደግሞ "አንድ ዓይነት" ያልኳቸው ራኬቶች በ4 ግራም ይለያያሉ! ስንት ዓመት ስጫወትባቸው አላወቅኩም። ለቀላሉ እጀታው ውስጥ ጨመርንለት። የክብደት መሃሉን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አጋድመን አገናኘን።

ዛሬ ጠዋት ገባሁ፣ ከወስፌ በተዋስኩት ግፊት አልባ ኳስ። ያ ኳስ መጀመሪያ እንደ እንጨት ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይለመዳል። በመልቲው ክርኔ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ኳሱ ግን አሁንም ከምፈልገው ግማሽ ሜትር ይረዝማል፣ ሁለት ፎርሃንድ ከመስመር ወጣብኝ። በድቅሉ አንድም አጥር አልመታሁም። ክርኔ ወደ መጨረሻው ትንሽ ነዘረኝ፣ እንደ ድሮው አይደለም። ለጊዜው በመልቲው ልለማመድ፣ ለውድድር ድቅሉን ላውጣ ብያለሁ።


ራፋ_ለዘላለም
እሑድ፣ ማታ 1:48

50 ወርደህ አጥር መምታት አቆምክ? አይገባኝም።


ወስፌ
እሑድ፣ ማታ 2:05

አዲስ ክር ነዋ ራፋ። ይመለሳል። ከጎኑም ኳሱን ቀይሯል፣ ሁለቱን በአንድ ቀን መቀየሩ ለፍርድ አይመችም፤ የሚቀጥለው እሑድ በድሮው ኳስ ሞክረው ግራኝ። ፖሊውን ከ15 ሰዓት በላይ አታቆየው፤ ከመወጠሪያው ቀን ጀምሮ የሰዓቱን ቁጥር ጉሮሮው ላይ በፕላስተር ጻፍ። ነገ ጠዋትም ራሱ ከዛሬው የላላ ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ፣ ፖሊ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው ብዙውን የሚጥለው።


ጋሽ_ባክሃንድ
ሰኞ፣ ጠዋት 1:05

መልቲው በ57 ረዘመብህ ካልክ 59 ሞክር፣ ለስላሳ ክር ሁለት ፓውንድ ቢጨምር ክንድ አይነካም። ድምፁን ግን ስማው።


ግራኝ_ከሲልቨርስፕሪንግ
ሰኞ፣ ማታ 2:10

እሺ ጋሼ፣ 59 አደርገዋለሁ። ፕላስተሩም ተለጥፏል፣ "1:30" ይላል።

አሁን ጭንቀቴ ክር ነው። የ200 ሜትር ጥቅል አንድ ላይ ገዝተን ብንካፈል ለአሥራ ስድስት ራኬት ይበቃል፤ አራት ሰው ብንሆን ለየሰው አራት። በመጪው ወር ከዲሲ የሚመጣ ዘመድ ያለው ማነው? ሻንጣው ውስጥ ከአንድ ድፎ ዳቦ አይበልጥም።


ቦሌ_ቮሊ
ሰኞ፣ ማታ 2:12

አክስቴ በ18 ትገባለች። ግን ሻንጣዋ ውስጥ ለእኔ ስድስት ኦቨርግሪፕ ቦታ ይዤያለሁ።